የጋፋት ስምና ሥፍራ፤ ከአሮጌ ካርታ እስከ ጂኦግራፊ መረጃ ሥርዐት

ጋፋት የሚለው ስም በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ሦስት ነገሮችን ያመለክታል። አንደኛ፣ ቀድሞ ከአባይ በስተደቡብ ይኖር የነበረና ኋላ ወደ ጎጃም የተሻገረ ሕዝብ መጠሪያ ነው። ሁለተኛ፣ ያ ሕዝብ ይናገረው የነበረውና ዛሬ ተናጋሪ የሌለው ሴማዊ ቋንቋ ስም ነው። ሦስተኛ፣ በደብረ ታቦር አጠገብ የሚገኘውና ዐፄ ቴዎድሮስ የመድፍ መሥሪያ ያቋቋሙበት ሥፍራ ስም ነው። መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ሦስቱን ለመለየት ብዙ አይቸገርም፤ የዐረፍተ ነገሩ አካሄድ ራሱ ይመራዋልና። ካርታ ግን ዐረፍተ ነገር የለውም፤ ያለው ነጥብ፣ መስመርና ስም ነው።

በወረቀት ላይ ካርታ የሚሥሉ ሰዎች ይህን ችግር በፊደል ቅርፅ ይፈቱት ነበር። የሕዝብ ወይም የአውራጃ ስም በትልቅ ፊደል ተበታትኖ በአገሩ ላይ ይዘረጋል፤ የመንደር ስም ግን በትንሽ ፊደል ከነጥቡ አጠገብ ይጻፋል። ዛሬ ስሞች በኮምፒዩተር ሠንጠረዥ ውስጥ በተርታ ሲገቡ ይህ ልዩነት ይጠፋል። ሦስቱም ጋፋቶች አንድ ዐይነት ፊደል፣ አንድ ዐይነት መደብ ይኖራቸዋል፤ ጠያቂውም «ጋፋት የት ነው» ብሎ ቢጠይቅ መሣሪያው ያለ ማመንታት አንድ ነጥብ ያሳየዋል።

ስለዚህ የጋፋትና የአካባቢው ደጋ አገር በካርታ ላይ የሰፈረበትን ታሪክ መመርመር ለሁለት ነገር ይጠቅማል። አንደኛ፣ የጂኦግራፊ መረጃ ሥርዐት የሚባለው አዲስ ዘዴ ከምን እንደ ተነሣና እንዴት እንደሚሠራ ያሳያል። ሁለተኛ፣ የታሪክ ተማሪ ይህን ዘዴ ሲጠቀም ለእያንዳንዱ ነጥብ ምስክሩን፣ ዘመኑንና ዐይነቱን መጠየቅ እንደሚገባው ያስረዳል። (እ.ኤ.አ. የሚል ምልክት የሌለበት ዓመት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።)

ስለ ስሙ

የዐፄ ሠርፀ ድንግልና የዐፄ ሱስንዮስ ዜና መዋዕሎች ጋፋትን ሲያነሡ የሚናገሩት በአባይ ዙሪያ ስለሚኖር ሕዝብ ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ17ኛው መጀመሪያ በነበረው ታላቅ የሕዝቦች እንቅስቃሴ ምክንያት ከዚህ ሕዝብ ብዙው ወንዙን ተሻግሮ በጎጃም ተቀመጠ፤ ከጊዜ በኋላም አማርኛ ተናጋሪ ሆነ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 እና በ1771 በጎንደር በነበረበት ጊዜ መኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞን ወደ ጋፋትኛ እንዲተረጐም አድርጓል፤ ጽሑፉም ዛሬ በኦክስፎርድ በቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ፕሮፌሰር ቮልፍ ሌስላው በዚሁ ጽሑፍ ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ1945 አንድ መጽሐፍ ካሳተመ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ብዙ ቢፈልግ ቋንቋውን የሚያውቁ አራት ሰዎች ብቻ አገኘ። ከእነርሱ የሰበሰበው ትምህርት እ.ኤ.አ. በ1956 ታትሟል።

በደብረ ታቦር አጠገብ ያለው ጋፋት ግን ከዚህ ሕዝብ ዋና መኖሪያ በብዙ የራቀ ነው። ስሙን እንዴት አገኘው ለሚለው ጥያቄ ብዙ መልስ ሊታሰብ ይችላል። የሕዝቡ አንድ ወገን እዚያ ሰፍሮ ይሆናል፤ በቀድሞ ነገሥታት ዘመን የጨዋ ሠራዊት በተሰጠው አገር ሲተከል ስሙን ለሥፍራው መተው የተለመደ ስለ ነበረ፣ ስሙ ከጭፍራ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ወይም የአንድ ሰው ርስት መጠሪያ ሆኖ ቀርቶ ይሆናል። ስሙ ብቻውን ከእነዚህ አንዱን መርጦ አይመሰክርም። በካርታ ላይ ሁለቱን ጋፋቶች በአንድ ቀለም ቀብቶ «የጋፋት ሕዝብ እስከ ቤጌምድር ተስፋፍቶ ነበር» ማለት ቀላል ነው፤ ነገር ግን ያ መስመር ከምስክር ሳይሆን ከስም መመሳሰል የተሠመረ ይሆናል።

የስም ምስክር ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የሚያሳይ አንድ አሮጌ ምሳሌ አለ። ጀርመናዊው ሊቅ ኢዮብ ሉዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1683 ያወጣው የኢትዮጵያ ካርታ የቦታውን አቀማመጥ የወሰደው ከኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን ልኬት ነው። ሉዶልፍ ራሱ ኢትዮጵያን አላየም። ነገር ግን የመካነ ሥላሴውን አባ ጎርጎርዮስን በሮም አግኝቶ፣ ኋላም በጎታ ከተማ አብሮት ተቀምጦ ስለ አገሩ፣ ስለ ቋንቋውና ስለ አገሮቹ ስም ጠይቆታል። ስለዚህ በዚያ ካርታ ውስጥ ሁለት ዐይነት ዕውቀት ተገናኝቷል፤ ነጥቡን በመሣሪያ የለካ የውጭ ሰውና ስሙን በአፉ የተናገረ የአገር ሰው። ከዚያ ወዲህ የተሠራ ካርታ ሁሉ ከእነዚህ ሁለት ምስክሮች የተሠራ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን የመጀመሪያው ስም ሲታወስ የሁለተኛው ይረሳል።

ስለ ልኬቱ ታሪክ

አንድ ሥፍራ በምድር ላይ የት እንዳለ ለማወቅ ሁለት ቍጥር ያስፈልጋል፤ ኬክሮስና ኬንትሮስ። ኬክሮስ የፀሐይን ወይም የኮከብን ከፍታ በመለካት ስለሚገኝ ጥሩ መሣሪያ ላለው ሰው አስቸጋሪ አይደለም። ኬንትሮስ ግን የሰዓት ልዩነት ነው። ምድር በ24 ሰዓት አንድ ጊዜ ስለምትዞር አራት የሰዓት ደቂቃ አንድ ዲግሪ ይሆናል፤ በደብረ ታቦር አንጻር አንድ ዲግሪ ኬንትሮስ 109 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እንግዲህ የተጓዡ ሰዓት በአንድ ደቂቃ የተሳሳተ እንደ ሆነ ከተማይቱ በካርታ ላይ 27 ኪሎ ሜትር ትሸሻለች። የቀድሞ ተጓዦች ይህን ለማረም የጁፒተርን ጨረቃዎች ግርዶሽ ይጠባበቁ ነበር። ብሩስ ወደ ጎንደር ሲመጣ ከባድ የመለኪያ መሣሪያ በጭነት አምጥቶ ነበር፤ የጣና ሐይቅና የግሽ አባይ አቀማመጥ ከቀድሞው ይልቅ በርግጠኛነት የታወቀው በእርሱ ልኬት ነው።

ከብሩስ በኋላ የመጣው ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ ሌላ መንገድ ተከተለ። እርሱና ወንድሙ አርኖ እ.ኤ.አ. በ1838 በምጽዋ ገቡ፤ አንቷን እስከ 1848 በአገሩ ቆየ። ዘዴውም ከተራራ ጫፍ ላይ ሆኖ በቴዎዶሊት የሌሎቹን ተራሮች ማዕዘን መለካት ነው። ሁለት ነጥቦች ከታወቁ የሦስተኛው ነጥብ ሥፍራ በማዕዘን ይገኛል፤ ሦስተኛውም ለአራተኛው መነሻ ይሆናል። ጉዞው ችኩል፣ አገሩም ሰፊ ስለ ነበረ የአውሮፓን ያህል ጥንቃቄ ማድረግ አልቻለም፤ ዳሩ ግን በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ሥፍራዎችን እርስ በርሳቸው አያይዟል። ልኬቱ ሁሉ በሮዶልፍ ራዶ ረዳትነት ተሰልቶ እ.ኤ.አ. ከ1860 እስከ 1873 ታተመ። ዳባዲ የልኬት ሰው ብቻ አልነበረም፤ የግእዝ የብራና መጻሕፍትን ሰብስቧል፣ እ.ኤ.አ. በ1881 ደግሞ የአማርኛ መዝገበ ቃላት አሳትሟል። ቋንቋውን በማወቁ የቦታዎችን ስም አጣርቶ ለመስማት ችሏል።

እ.ኤ.አ. በ1868 የመጣው የጄኔራል ናፒየር ጦር ከህንድ የመሬት ልኬት መሥሪያ ቤት መኮንኖችን ይዞ ነበር፤ ክሌመንትስ ማርካምም የጂኦግራፊ ዐዋቂ ሆኖ አብሮ መጥቷል። ይህ ልኬት ከዙላ እስከ መቅደላ ያለውን መንገድ በዝርዝር አሳይቷል። ይሁን እንጂ መንገዱ በደጋው ምሥራቃዊ ጠርዝ ስለሚሄድ ደብረ ታቦርና ጋፋት ከልኬቱ ውጭ ቀሩ። ካርታ የሚሠራበት ምክንያት ካርታው የሚያሳየውን ነገር እንደሚወስን ከዚህ የበለጠ ግልጽ ምሳሌ አይገኝም፤ የጦር ካርታ ጦሩ የረገጠውን ምድር ያውቃል።

በ20ኛው መቶ ዓመት ምክንያቱ ውሃ ሆነ። በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ቺዝማን እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 የጣናን ዳርቻና የአባይን ሸለቆ እየዞረ ለክቶ መጽሐፉን በ1936 አሳተመ። በኢጣሊያ ወረራ ዘመን ደግሞ ልኬቱ ወደ ሰማይ ወጣ። እ.ኤ.አ. ከ1935 እስከ 1941 ወራሪው ከአውሮፕላን ያነሣቸው ፎቶግራፎች በአዲስ አበባ በካርታው መሥሪያ ቤት ተቀምጠው ኖረው ከብዙ ዘመን በኋላ ተመርምረዋል። በጠንካራ ሰሌዳ ላይ የተለጠፉ ከ8,000 በላይ የፎቶ ስብስቦች ሲሆኑ፣ በእያንዳንዱ ሰሌዳ አንድ ቀጥታ ወደ ታች የተነሣና ሦስት ጋደል ብለው የተነሡ ሥዕሎች አሉ። ለጦርነትና ለቅኝ አገዛዝ የተነሣ ፎቶ ዛሬ የኢትዮጵያን ደጋ የቀድሞ መልክ ለሚያጠና ሰው የማይተካ ምስክር ሆኗል።

ከዚያ በኋላ የመጣው ታላቅ ሥራ የአባይ ተፋሰስ ልኬት ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካ የባሕር ጠረፍና የምድር ልኬት መሥሪያ ቤት ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር በመሆን በተፋሰሱ ሁሉ ቋሚ የልኬት ነጥቦችን ተከለ። መነሻው በሰሜን ሱዳን የሚገኘው አዲንዳን የተባለ ነጥብ ነው። የውሃና የመሬት ጥናቱም እ.ኤ.አ. በ1964 ታተመ። የኢትዮጵያ የካርታና ጂኦግራፊ ኢንስቲትዩትም ይህን መሠረት ይዞ የ1 ለ50,000 እና የ1 ለ250,000 ካርታዎችን ሲሠራ ኖረ። መሥሪያ ቤቱ ስሙን ብዙ ጊዜ ለውጦ ዛሬ የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ተብሏል።

ስለ ጂኦግራፊ መረጃ ሥርዐት

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የካናዳ መንግሥት የአገሩን መሬት ለእርሻ፣ ለደንና ለሌላም ጥቅም ያለውን ብቃት ለመመዝገብ በተነሣ ጊዜ የካርታው ብዛት በእጅ ሊሠራ ከሚቻለው በላይ ሆነ። ሮጀር ቶምሊንሰን የተባለ የጂኦግራፊ ሊቅ ካርታዎቹን ወደ ኮምፒዩተር አስገብቶ እርስ በርሳቸው እንዲነጻጸሩ አደረገ፤ የጂኦግራፊ መረጃ ሥርዐት የሚለው ስም ከዚያ የመጣ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። አንድ ሰው በስስ ወረቀት ላይ ወንዞችን፣ በሁለተኛው መንገዶችን፣ በሦስተኛው አብያተ ክርስቲያናትን ሥሎ አንዱን ባንዱ ላይ ቢደርብ የሦስቱን ግንኙነት ያያል። ሥርዐቱ የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ እያንዳንዱን ወረቀት ንብር አድርጎ ይይዛል። ከወረቀት የሚለየው ግን ከእያንዳንዱ ነጥብ ጀርባ ሠንጠረዥ ስላለው ነው። ነጥቡ ቤተ ክርስቲያን ከሆነ በሠንጠረዡ ስሙ፣ የተተከለበት ዘመን፣ ታቦቱ፣ የነበረው ጉልት ሊጻፍ ይችላል።

ንብሮቹ እንዲገጣጠሙ ግን አንድ ዐይነት መነሻ ሊኖራቸው ይገባል። እዚህ ላይ ጀማሪ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚሰናከልበት ነገር አለ። የቀድሞዎቹ የኢትዮጵያ ካርታዎች በአዲንዳን መነሻ የተሠሩ ሲሆኑ፣ የጂፒኤስ መሣሪያ ግን ዓለም ሁሉ በሚጠቀምበት ሌላ መነሻ ይቆጥራል። ሁለቱም ምድርን የሚመስሉበት ቅርፅና መጠን ይለያያል። ስለዚህ በጂፒኤስ የተያዘ ነጥብ ሳይታረም በአሮጌው ካርታ ላይ ቢቀመጥ በደብረ ታቦር አካባቢ ከ100 ሜትር በላይ ይፈናቀላል፤ ቤተ ክርስቲያኑ ወንዝ ማዶ፣ ምንጩ ተራራ ላይ ይወጣል። ስሕተቱ የማንም መሣሪያ ጕድለት አይደለም፤ ሁለት ትክክለኛ ልኬቶች ሳይተዋወቁ ስለ ተገናኙ ነው።

አሮጌ ካርታን ወደ ሥርዐቱ ማስገባት ደግሞ ሌላ ጥበብ ይጠይቃል። በዳባዲ ወይም በቺዝማን ካርታ ላይ ያሉና ዛሬም ሥፍራቸውን ያልለቀቁ ነገሮች ተመርጠው፣ ለምሳሌ የጣና ደሴቶች፣ የተራራ ጫፎች፣ የጥንት አድባራት፣ በእነርሱ ላይ ካርታው ይሰካል። የቀረው ክፍል በመካከላቸው ይሳባል ወይም ይጨመቃል። ይህ ሲደረግ የቀድሞው ሰው የት ላይ እንደ ተሳሳተ ብቻ ሳይሆን የት ላይ በዐይኑ አይቶ እንደ ለካ፣ የት ላይ በወሬ እንደ ሞላ ይገለጣል። በዐይን የታየው አገር ከዛሬው ጋር ይስማማል፤ በወሬ የተሞላው ይጣመማል። እንግዲህ የአሮጌው ካርታ መጣመም ራሱ ስለ ሠሪው ጉዞ የሚናገር የታሪክ ምንጭ ነው።

ከሰማይ የሚመጣው ምስክርም በዝቷል። እ.ኤ.አ. በ1972 የመጀመሪያው የላንድሳት ሳተላይት ከተመጠቀ ወዲህ የምድር ሥዕል ሳይቋረጥ ይሰበሰባል። እ.ኤ.አ. በ2000 ኢንደቨር የተባለው የጠፈር መንኰራኵር በራዳር የለካው የምድር ከፍታ፣ 30 ሜትር በ30 ሜትር በሆኑ ሕዋሳት ተከፍሎ፣ ለማንኛውም ተመራማሪ በነፃ ይገኛል። ኢትዮጵያም በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋን የምድር መቃኛ ሳተላይት ከቻይና አምጥቃለች። ከእንግዲህ ወዲህ የታሪክ ተማሪው ችግር የሥዕል ማጣት ሳይሆን ከሥዕሉ ምን እንደሚጠይቅ አለማወቅ ነው።

ስለ ሴባስቶፖል መንገድ

ለጥያቄው ማሳያ ከጋፋት የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያስቀመጧቸው አውሮፓውያን ሠራተኞች፣ ዋልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ሞሪትዝ ሆልና ባልንጀሮቻቸው፣ አብዛኞቹ ከክሪሾና የተላኩ የእጅ ሙያ ያላቸው ሚስዮናውያን ነበሩ። በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ መድፍ ማቅለጥ ጀመሩ፤ የሥራቸውም መጨረሻ ሴባስቶፖል የተባለው፣ ወደ 7 ቶን የሚገመተው የነሐስ መድፍ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በመስከረም 1860 ዓ.ም. መጨረሻ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ከሠራዊታቸው ጋር ወደ መቅደላ ተነሡ፤ መድፉም በሠረገላ ተጭኖ በሰው ጉልበት እየተጐተተ በመጋቢት ወር መቅደላ ደረሰ። ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ በዚያው ራሳቸውን ሠዉ።

ደብረ ታቦር በ11 ዲግሪ ከ51 ደቂቃ ሰሜን ኬክሮስና በ38 ዲግሪ ከ1 ደቂቃ ምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ ትገኛለች። መቅደላ በ11 ዲግሪ ከ12 ደቂቃና በ39 ዲግሪ ከ17 ደቂቃ ላይ ነው። ከእነዚህ ቍጥሮች ሲሰላ በመካከላቸው ያለው ቀጥታ ርቀት 155 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ጉዞው ከአምስት ወር በላይ ስለ ወሰደ በቀጥታው መስመር ሲታሰብ በቀን አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አልሞላም። ይህ አንድ ስሌት ዜና መዋዕሉ ስለ ድካሙ የሚናገረውን ሁሉ በቍጥር ያጸናዋል።

ሥርዐቱ ከዚህ አልፎ መንገዱን ራሱን ለመፈለግ ይረዳል። ለእያንዳንዱ የምድር ሕዋስ የማለፊያ ዋጋ ይሰጠዋል፤ ሜዳው ርካሽ፣ ዐቀበቱ ውድ ይሆናል። መሣሪያውም ከመነሻ እስከ መድረሻ ዋጋው ትንሽ የሆነውን መንገድ ያወጣል። ነገር ግን የማን ዋጋ ነው የሚሰጠው የሚለው ጥያቄ ይነሣል። እግረኛ በጠባብ ዐቀበት ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ በቅሎ ዙሪያ ጥምጥም ትሄዳለች፤ 7 ቶን የጫነ ሠረገላ ግን ተዳፋቱ ከጥቂት መጠን ካለፈ ጨርሶ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ለመድፉ የሚሆነው ስሌት ለመልእክተኛው ከሚሆነው ፈጽሞ ሌላ ነው።

ከዚህም በላይ የማለፊያ ዋጋ ከመሬቱ ብቻ አይመጣም። በዚያ ዓመት ቤጌምድር በሞላው ሸፍቶ ነበር፤ ስንቅ የሚገኝበት አገር ጥቂት ነበረ። ንጉሠ ነገሥቱ በጨጨሆ በኩል ወጥተው የጅዳንና የበሽሎን ገደል እየደለደሉ፣ ድንጋዩን በባሩድ እያፈረሱ ማለፍን መረጡ። የከፍታው ሕዋስ ስለ ሽፍትነቱና ስለ ረኃቡ ምንም አይናገርም፤ ያንን የሚናገሩት ዜና መዋዕሉና በእስር የነበሩት አውሮፓውያን የጻፏቸው መጻሕፍት ናቸው። ደግሞም 30 ሜትር የሆነ ሕዋስ ገደሉን አለስልሶ ስለሚያሳየው ጥቂት ሜትር ስፋት ያለውን የተቈረጠ መንገድ አያገኘውም። መሣሪያው መንገዱ ሊሆን የሚችልበትን ቀበሌ ካጠበበ በኋላ ቀሪው ሥራ በእግር መሄድና የአካባቢውን ሽማግሌ መጠየቅ ነው። የናፒየር ጦር መቅደላ የደረሰው በጅዳና በበሽሎ በኩል ይህንኑ የቴዎድሮስን መንገድ ተጠቅሞ ስለ ሆነ፣ በጋፋት የተጀመረው መንገድ በእንግሊዞች ካርታ ላይ የሚታየው በመጨረሻው ክፍሉ ብቻ ነው። ሁለቱን ንብሮች አንድ ላይ ማድረግ የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ አንዱ የጐደለው ከየት እንደሚጀምር ሌላው ያሳያል።

ስለ ደንና ስለ መሬት

የንብሮች መነጻጸር የተለመደ አስተያየትን እስከ መለወጥ ሊደርስ ይችላል። በደቡብ ጎንደር ከአየር የሚያይ ሰው በታረሰው ምድር መካከል እንደ ማኅተም ክብ ሆነው የቆሙ የአድባራትና የገዳማት ደኖችን ያያል። ብዙ ሰው እነዚህ ደኖች በቅርብ ዘመን ከታላቅ ጫካ ተቈርጠው የቀሩ ቁራጮች እንደ ሆኑ ያስብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1938 የተነሡት የአየር ፎቶግራፎች ከዛሬው የሳተላይት ሥዕል ጋር ሲነጻጸሩ ግን የደኖቹ ስፋት ያን ያህል አለመለወጡ ታየ። ደኖቹ ያኔም ክብ ነበሩ፤ በዙሪያቸው ያለውም ምድር ያኔም ብዙው የታረሰ ነበር። የተለወጠው በውስጣቸው ያለው ዛፍ ነው፤ ባሕር ዛፍ እየገባባቸው ሄዷል። ይህን ሳተላይት ብቻውን አይነግርም፤ ሁለት ዘመን በአንድ ሥፍራ ላይ ሲደረብ ነው የሚታወቀው።

የልኬት ነገር ከሁሉ በላይ የሚከብደው ግን ወደ ባላገሩ ማሳ ሲደርስ ነው። በሸዋና በደቡቡ አገር መሬት በቀላድ ሲለካ፣ ጎንደርና ጎጃም በርስት ሥርዐት ኖረዋል። ቀላድ የሚለው ቃል በዚያ ወገን የሚሰማው እንደ መንጠቂያ ገመድ ነበር። በ1960 ዓ.ም. በጎጃም የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሥራ ላይ ሊውል ሲል ባላገሩ የተነሣበት አንዱ ምክንያት ርስታችን ሊለካ ነው የሚል ሥጋት እንደ ነበረ የታወቀ ነው። የአገር መስፈሪያ የነበረው ጥማድ ነው፤ ጥማድ ደግሞ አንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው ስለ ሆነ የሥራ መጠን እንጂ የስፋት መጠን አይደለም። በጭንጫ ላይ ያለ ጥማድ በለም ሜዳ ላይ ካለው ይጠባል፤ ግብር የሚከፍለው ሰው ይህን ፍትሕ አድርጎ ያየዋል፤ ሄክታር ግን አያውቀውም።

በአማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የተሰጠው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ሁለቱን ዓለም ያገናኘ ነበር። በቀበሌው ሕዝብ የተመረጠ ኮሚቴ ጎረቤቶች ባሉበት ማሳውን በገመድ ይለካል፤ በደብተሩም በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ እገሊት፣ በሰሜን ወንዝ ተብሎ አዋሳኝ ይጻፋል። ካርታ አልነበረበትም። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 መሬት በባህላዊና በዘመናዊ መሣሪያ እንዲለካና የወሰን ካርታ እንዲዘጋጅለት አዘዘ። ከዚህ የተነሣ በሁለተኛው ምዝገባ ባለይዞታውና አዋሳኞቹ በተገኙበት፣ ከሰማይ በተነሣና በተስተካከለ ፎቶ ላይ የማሳው ወሰን ይሠመራል፤ ቍጥሩም በኮምፒዩተር ይቀመጣል።

የሁለቱ ደብተሮች ልዩነት በቅርፅ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው መሬቱን በሰው ይገልጸዋል፤ አዋሳኙ ሲሞት ወይም ሲለወጥ ደብተሩ ያረጃል፣ ነገር ግን ክርክር ሲነሣ ምስክር የሚሆን ሕያው ሰው ይጠራል። ሁለተኛው መሬቱን በቍጥር ይገልጸዋል፤ ቍጥሩ አያረጅም፣ ግን አይመሰክርም። 50 ሜትር በ50 ሜትር የሆነ ማሳ ሩብ ሄክታር ነው። ርካሽ የእጅ ጂፒኤስ በአምስት ሜትር ቢሳሳትና ስሕተቱ ባንድ ጎን ቢያርፍ የማሳው ዐሥረኛ እጅ ወደ ጎረቤት ይሄዳል። ለካርታ ሠሪው ይህ በቂ ልኬት ነው፤ ለባላገሩ የአንድ ወቅት እህል ነው። ወሰኑ ወንዝ የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ፣ ከጉና ወርደው ወደ ጣና እንደሚገቡት እንደ ርብና እንደ ጉማራ ያለ ወንዝ በጎርፍ ጊዜ መሄጃውን ሊለውጥ ስለሚችል፣ ቃሉ ወንዙን ተከትሎ ይሄዳል፤ ቍጥሩ ግን በቦታው ይቀራል። የትኛው ይጽና የሚለው የሕግ ጥያቄ ነው፤ ሁለቱም ተመዝግበው ካልተቀመጡ ግን ዳኛው የሚፈርድበት ነገር አያገኝም።

መደምደሚያ

ከላይ ከተባለው እንደሚታየው፣ የጂኦግራፊ መረጃ ሥርዐት ለታሪክና ለሕዝብ ጥናት የሚሰጠው ጥቅም በሠንጠረዡ ጥራት የሚለካ ነው። አንድ የቦታ ስም ወደ ሥርዐቱ ሲገባ ቢያንስ አራት ነገሮች ሊጻፉለት ይገባል። አንደኛ፣ ስሙን የሰጠው ምስክር ማን ነው፤ የብራና መጽሐፍ፣ ተጓዥ፣ ወይስ በሥፍራው ያለ ሽማግሌ? ሁለተኛ፣ ምስክርነቱ የየትኛው ዘመን ነው? ሦስተኛ፣ ስሙ የምን ስም ነው፤ የሕዝብ፣ የአውራጃ፣ የመንደር፣ የተራራ፣ ወይስ የማሳ? አራተኛ፣ ነጥቡ ምን ያህል ሊሳሳት ይችላል፤ አምስት ሜትር፣ መቶ ሜትር፣ ወይስ አንድ ቀን መንገድ? እነዚህ አራቱ ከተጻፉ ሦስቱ ጋፋቶች በአንድ ካርታ ላይ ሳይደባለቁ ሊኖሩ ይችላሉ፤ ካልተጻፉ ግን ያማረ ካርታ የተሳሳተ ታሪክ ያስተምራል።

ከእነዚህ ውስጥ በቶሎ የሚያልፈው የመጀመሪያው ነው። ሳተላይቱ ነገም የጉናን ጫፍና የርብን ወንዝ ያነሣል፤ እ.ኤ.አ. በ1938 የተነሡት ፎቶግራፎችም ተቀምጠዋል። ስሞቹን የሚያውቁት ሰዎች ግን አይቈዩም። የፈፋው፣ የመስኩ፣ የጥንት ገበያው፣ የፈረሰው አጥር ስም ከ1 ለ50,000 ካርታ ላይ አልተጻፈም፤ የሚገኘው በአረጋውያን አፍና በአድባራት የመሬት መዝገብ ውስጥ ነው። የጋፋት ቋንቋ ዐራት ሰዎች እስኪቀሩ ድረስ በሚገባ ሳይመዘገብ መቈየቱ ለዚህ በቂ ማስጠንቀቂያ ነው። በደብረ ታቦርና በደቡብ ጎንደር ለሚያጠኑ ከፍተኛ ተማሪዎች የሚሆን ሥራ እንግዲህ ይህ ነው፤ አንድ ቀበሌ መርጦ፣ ጂፒኤስና ደብተር ይዞ፣ ከአንድ የአገሩ ሽማግሌ ጋር እየዞሩ እያንዳንዱን ሥፍራ በስሙ መመዝገብ፤ ከነጥቡም ጎን ስሙን የተናገረውን ሰው ማስቀመጥ።